ለዓይኗ ብላ

የአባይነሽን ጥርስ ያላየ ሰው ሀዋሳ ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ደርሼ መጣሁ ባይል ይሻለዋል። ዓሣውንማ ማንም ያየዋል። አባይነሽ ከብረት ድስቷ ኋላ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱ ዓሣ አጥማጅ ነገር ጣል ሲያደርግባት አንገቷን ሰበር አድርጋ ስትስቅ፣ ከተነቀሰው ጥቁር ድዷ ላይ ያ ነጭ ጥርስ ብልጭ ሲል፣ የሚገዛውም የማይገዛውም ዞር ይላል። ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚያመጣላት አሰፋ የሚባል የሲዳማ ሰው አለ። «ይሄን ጥርስ ይዘሽ ዓሣ ስትጠብሺ መዋል ግፍ ነው» ይላታል። «ታዲያ ጥርሴን ጠብሼ ልሽጠው?» ትለዋለች፣ ትስቃለችም። ይህ ሁሉ እንግዲህ ድሮ ነው።

ጥርሷን ያሳመረላት ሌላ ማንም አይደለም፣ ድህነት ነው። ቡልጋ ገጠር ስታድግ ስኳር የምታየው ሰው ሲታመም ነበር። የታመመ ሊጠየቅ ሲኬድ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር ይያዛል፣ ልጆች ወረቀቱን ይልሳሉ፣ በቃ። ከዚያ ውጪ ቆሎ ነው፣ ንፍሮ ነው፣ የወይራ መፋቂያ ነው። ለኮረዳነት ስትደርስ እናቷ ድዷን አስነቀሰቻት፤ ሲሽርላት አገሩ ሁሉ «የማን ልጅ ናት?» አለ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ማግስት አክስቷን ተከትላ ሀዋሳ ስትመጣ ከአገር ቤት ይዛው የመጣችው ሀብት ይኸው ጥርስ ነው። ባል ያገኘችውም በሱ ነው። ባሏ ሞገስ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ ልጃቸው ማርያማዊት ገና ሳትድህ «ሞያሌ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ይኸው እስከ ዛሬ እየደረሰ ነው።

የፈላ ዘይት አጠገብ የሚድህ ልጅ ይዞ መዋል አይቻልም። ደግነቱ እትዬ አስካለ ነበሩ። ቤቱን ያከራዩዋት እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ማርያማዊትን ግን ከወለዷት በላይ ወደዷት። «አንቺ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ፣ ልጅቷን ለኔ ተዪልኝ» አሉ። ውለታዬን ክፈይ ብለው አያውቁም። ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ክፉ ሰው ይሸሻል፤ ደግ ሰው ግን ወዴት ይሸሻል?

ልጅ ያለቅሳል። የላም ወተት ተፈልጎም አይገኝ፣ የቆርቆሮውን ደግሞ የሚጠጣው የባለሀብት ልጅ ነው። ስለዚህ ሻይ። እትዬ አስካለ ቀጠን አድርገው ያፈላሉ፣ ስኳር ይጨምራሉ፣ ይቀምሳሉ፣ እንደገና ይጨምራሉ፣ ጡጦው ውስጥ ገልብጠው ለልጅቷ ያጎርሷታል። እየጠባች ትተኛለች። ተኝታም ጡጦው ከአፏ አይወጣም፤ ሊያወጡት ሲሉ ትነቃለችና ይተዉታል። ጎረቤቱ «የአባይነሽ ልጅ እኮ ለቅሶ አታውቅም» እያለ ያደንቃል። ማታ እናትየው ስትገባም ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ከዘይትና ከጭስ ጋር ስትታገል የዋለች ሴት ልጅ የምታባብልበትን ጉልበት ከየት ታምጣው? ጡጦውን ሞልታ ትሰጣትና ጎን ለጎን ይተኛሉ።

ስኳር ደግሞ እንደ ልብ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን ከገበያ ጠፍቶ በቀበሌ በኩል ነበር የሚታደለው። ስኳር መጣ የተባለ ቀን አባይነሽ ሥራዋን ጥላ፣ ፌስታሏን ይዛ ትሰለፋለች። ስንቱን ግፊያ ችላ፣ ከስንቱ ተራ ሰባሪ ጋር ተጨቃጭቃ፣ ነጠላዋ ተቀዶ የተመለሰችበት ጊዜ አለ። ያገኘች ዕለት ግን ደረቷን ነፍታ ነው የምትገባው። ኋላ ላይ እሷ ራሷ ስኳር ተወች። «እኔስ ለምጄዋለሁ» እያለች ሻይዋን መራራውን ትጠጣለች፤ የሷ ድርሻ በጡጦው በኩል ወደ ማርያማዊት ይሄዳል። እናት አይደለች? ከራሷ አፍ ቀንሳ ለልጇ ሰጠች፤ እንዲህ ሆኖ የናትየው ጥርስ እንደነጣ ቀረ።

ከግቢው በር ፊት ለፊት የናዲያ ሱቅ አለ። ናዲያ የስልጤ ሴት ናት፣ እጇ የማይሰስት። ዝርዝር ሳንቲም ግን የላትም፤ ማንስ አለው? መልስ የምትሰጠው በከረሜላ ነው። ሳሙና ገዝተሽ ከረሜላ፣ ክብሪት ገዝተሽ ከረሜላ። ማርያማዊት እግር አውጥታ ስትራመድ መጀመሪያ የሄደችው ወደዚያው ነው። ናዲያም የሚገዛ ባይኖር እንኳ «ነይ የኔ ቆንጆ» ብላ አንዱን ልጣ ታጎርሳታለች። እንዲህ ነው፤ ይቺን ልጅ የሚወዳት ሁሉ በአፏ በኩል ነበር የሚወዳት።

የፊት ጥርሶቿ ሲወጡ እንደናቷ ነጭ ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ከድዷ ሥር ቡናማ መስመር ታየ። አባይነሽ ጥርስ ታውቃለችና ደነገጠች። ልጅቷን ታቅፋ ለጎረቤት አሳየች። ሁሉም ያለው አንድ ነገር ነው፤ «የሀዋሳ ውሃ ነው።» ለዚህማ ምስክር ሞልቷል። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡኒ እንደሚሆን የማያውቅ ማን አለ? አሰፋ አፉን ከፍቶ የራሱን አሳያት። «እኔን አታዪም? ውሃው ነው» አላት። የአሰፋ ጥርስ በርግጥ ቡኒ ነው፣ ግን አጥንት ይሰብራል። የማርያማዊት ለስልሶ ይፈረፈር ነበር። ይህን ልዩነት ልብ ያለው የለም።

እንግዲህ ጥፋተኛው ውሃ ነው ከተባለ ምን ይደረጋል? ውሃ መከልከል ነዋ። እትዬ አስካለ ፈረዱ። «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ የዚህ አገር ውሃ ባፏ አይዞርም» አሉ። በጠማት ቁጥር ሻይ፣ ሻይ ካልተፈላ ከናዲያ ሱቅ ለስላሳ። ሻዩ በየትኛው አገር ውሃ እንደሚፈላ የጠየቀ አልነበረም። አባይነሽ አንድ ቀን መፋቂያ ቀጥቅጣ አለስልሳ የልጅቷን ጥርስ ልትፍቅላት ስትል እትዬ አስካለ እጇን ያዟት። «ለሕፃን መፋቂያ? ድዷን ልታደሚው ነው?» አባይነሽ እሺ ብላ ተወችው። ውለታ ያለበት ሰው አይከራከርም።

ልጅቷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ተሸርፈው ጥቁር ጉቶ ሆኑ። ለዚህም መጽናኛ አልጠፋም። «የወተት ጥርስ ነው፣ መውደቁ ላይቀር። ለሚወድቅ ጥርስ ማን ሐኪም ቤት ይመላለሳል?» ተባለ። አባይነሽም ይህንኑ እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። አንድ እሑድ ልጅቷን ይዛት አሞራ ገደል ወረደች። አሰፋ እንደልማዱ ቀለደ፣ አባይነሽ አንገቷን ሰብራ ሳቀች፣ ማርያማዊትም ሳቀች፣ ግን አፏን በመዳፏ ሸፍና። ማንም አላስተማራትም። ይህን ያየች እናት ሳቋ መሀል ላይ ቆመባት፤ ዓሣው እስኪያር ድረስ ልጇን ስታይ ቆየች።

ማርያማዊት አራት ዓመት ሲሆናት የላይኛው ክራንቻዋ ይጠዘጥዛት ጀመር። ቅርንፉድ ተደረገላት፣ ነጭ ሽንኩርት ተደረገላት፣ በትኩስ ጨርቅ ተተኮሰላት። ጉንጯ ሲያብጥ አባይነሽ ሥራዋን ትታ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ጥርስ የሚያየው ናትናኤል የሚባል ወጣት ነበር። የልጅቷን አፍ በመብራት አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«እናቴ፣ ይሄ ጥርስ መውጣት አለበት» አላት። «መግሏል። ሽሮፕ እሰጥሻለሁ፣ እሱን በደንብ ትጨርስ። እብጠቱ ጋብ እንዳለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ይዘሻት ነይ፣ እነቅለዋለሁ።»

«የላይኛው ነው እኮ» አለች አባይነሽ።

«አዎ፣ የላይኛው ነው።»

«ታዲያ ዓይኗስ?»

ናትናኤል ሳቀ። ክፋት የለውም፤ ከጠዋት ጀምሮ የሰው አፍ ሲያይ የዋለ ልጅ ነው፣ ይህንኑ ጥያቄ ከስንቱ ሰምቶታል፣ በሩ ላይ ደግሞ ሰው ተኮልኩሏል። «ተረት ነው እሱ፣ ተይው» ብሎ ተረኛውን ጠራ። አባይነሽ ግን ተረት ፍለጋ አልነበረም የመጣችው። ሳቁን ተሸክማ ወጣች። ለሚስቅ ሰው እንዴት ልጅ አሳልፎ ይሰጣል? ቁጭ አድርጎ «የሚጎዳት መንቀሉ አይደለም፣ መግሉ ነው፤ ጥርሱ ከቆየ መግሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዓይኗን ከፈለግሽው አስነቅይው» ቢላት ኖሮ ትሰማው ነበር። አላላትም።

እትዬ አስካለ የሐኪሙን ቃል ሲሰሙ የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ።

«ያበጠ ጥርስ ሊነቅል? ያውም የላይኛውን? የዓይን ሥር እኮ ነው። የገብረጻድቅን ዓይን ምን ያጠፋው ይመስልሻል?» አሉ። ገብረጻድቅ የሞቱት ወንድማቸው ናቸው፤ በአንድ ዓይን ኖረው ነው ያለፉት። «ፊቱ እንዲሁ አብጦ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ ወሰድነው፣ የላይኛውን ጥርስ ነቀሉት፣ እብጠቱ ሲጎድል ዓይኑ ጨልሞ ተገኘ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።»

«ሐኪሙ ተረት ነው አለኝ፣ እትዬ።»

«ለሱማ ተረት ነው። የሱ ልጅ ዓይን አይደለማ።»

አባይነሽ ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። የልጇን ጥርስ አጥታዋለች፣ ይህን አውቃለች፣ አልቅሳለታለችም። ጥርስ ግን ይወድቃል፣ ሌላም ይበቅላል። ዓይን አይበቅልም። ልጅቷ ከናቷ የቀራት መልክ ቢኖር እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ናቸው። «ጥርሷን አስበልቻለሁ፣ ዓይኗን አላስበላም» አለች። እንደ እናት ነው የወሰነችው። ከልጇ ዓይን የሚበልጥባት ነገር በዚህ ዓለም አልነበረም፤ ያሳሳታትም ይኸው ነው።

ሽሮፑን ሰጠቻት። እብጠቱ ጎደለ፣ ትኩሳቱ ጠፋ። እትዬ አስካለ «ይኸው፣ ሳይነቀል ዳነች» ብለው አመሰገኑ። ግማሽ የቀረው ሽሮፕ ለሌላ ጊዜ ይሆናል ተብሎ ተከደነ። ወደ ናትናኤልም የተመለሰ የለም። ዳነች ለተባለች ልጅ ማን ይመለሳል?

ወዲያው የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ፍቼ ጫምባላላ ደረሰ። የበዓሉ ሜዳ ጉዱማሌ በሰው ተጥለቀለቀ፣ ከተማው በእንግዳ ሞላ፣ ዓሣ እንደጉድ ተሸጠ። አባይነሽ ከምድጃዋ ቀና አላለችም። እትዬ አስካለ ማርያማዊትን አዝለው ጭፈራውን አሳይተዋት፣ ሸንኮራ እያስመጠጡ መለሷት። ልጅቷ በዚያ በተሸረፈ ጥርስ ሸንኮራውን መንከስ ቢያቅታት ድዷ ላይ እያሸች ትመጠው ነበር አሉ። የበዓሉ ግርግር እንዳለቀ ጉንጯ እንደገና አበጠ፤ በዚህኛው ዙር ግን ጉንጯ ላይ አልቆመም። ወደ ላይ ወጣ። ቆዳዋ ቀልቶ ተወጠረ፣ በዚያ በኩል ያለው ዓይኗ ተደፈነ፣ ሰውነቷ እንደ እሳት ፈጀ። የተረፈው ሽሮፕ ተሰጣት፣ ምንም አልሠራም። አባይነሽ ልጇን ታቅፋ መወሰን አቃታት፤ ብትወስዳት ይነቅሉባታል፣ ባትወስዳት ልጅቷ እየነደደች ነው።

ጠዋት ዓሣ ይዞ መጥቶ ቦታዋን ባዶ ያገኘው አሰፋ ምን ነካት ብሎ ቤቷ ድረስ መጣ። ልጅቷን ሲያይ ከማንም ጋር አልተማከረም። ባጃጅ ጠርቶ እናትና ልጅን አስገብቶ ሆስፒታል አደረሳቸው።

እዚያ ጥርሱን ነቀሉ፣ መግሉን አፈሰሱ፣ መርፌ ሰጡ። ልጅቷ ለብዙ ቀን ራሷን አታውቅም ነበር። በመጨረሻ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ዓይኗም ተገለጠ። ተገለጠ እንጂ አላየም። አባይነሽ በልጇ ዓይን ፊት ጣቷን ብታመላልስ ያ ትልቅ ዓይን ዝም ብሎ ግድግዳውን ያያል።

«ስለነቀላችሁት ነው?» ብላ ጠየቀች፣ የምታክማትን ሐኪም።

ሐኪሟ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። አልሳቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስላልተነቀለ ነው፣ እህቴ» አለቻት። «መግሉ ከጥርሱ ተነስቶ ነው ዓይኗ ድረስ የሄደው። ያኔ የመጀመሪያው እብጠት እንደጎደለ ቢነቀል ዓይኗ ይተርፍ ነበር። አሁንም ወደ ጭንቅላቷ ሳያልፍ ስለደረሳችሁ ነው በሕይወት ያለችው።» ከዚያም ስለ ጡጦው ጠየቀቻት፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ከረሜላው። አባይነሽ አንድ ባንድ መለሰችላት። የስኳር ሰልፉ ትዝ አላት፣ ያ ሁሉ ግፊያ፣ የተቀደደው ነጠላዋ። ተንበርክካ ልጇ አልጋ ላይ ፊቷን ደፋች። እንዲህ ያለ ንዴት በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም፤ የምታሳርፍበት ሰው ግን አጣች። ማንን ትርገም? የሚወዷትን ነው?

ወደ ቤት ሲመለሱ እትዬ አስካለ ገና ከበሩ የልጅቷን አፍ ከፍተው አዩ። ጥርሱ የለም። ዓይኗን አዩ። ደረታቸውን ደቁ። «ነቀሏት! አላልኩሽም? አላልኩሽም ወይ?»

ሰፈሩም የቆጠረው እንደሳቸው ነው። ልጅቷ ስትሄድ ጥርሷ ነበረ፣ ዓይኗ አብጦ ነበር እንጂ አልጠፋም። ስትመለስ ጥርሷ የለም፣ ዓይኗም የለም። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የገብረጻድቅ ታሪክ የድሮ ነበር፤ አሁን አዲስ ተገኘ። አባይነሽ «ሳይነቀል ቆይቶ ነው» ብላ ብትምል ብትገዘት፣ «ምስኪን፣ ሐኪሞቹ ራስሽ ነሽ ያጠፋሽው ብለው አሳምነዋታል» ብለው ከንፈር መጠጡላት። አሞራ ገደል ተመልሳ መጥበሷን ቀጠለች። አሰፋ መቀለዱን ተወ፣ እሷም መሳቋን።

ብዙ ሳይቆይ የናዲያ ልጅ ሳዳም ጉንጩ አበጠ፣ የላይኛው ጥርስ ነው ተባለ። አባይነሽ ይህን እንደሰማች ዘይቷን ከእሳት አውርዳ፣ ማርያማዊትን በእጇ ይዛ ወደ ሱቁ መጣች። እትዬ አስካለም እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ናዲያ ልጅቷን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከረሜላ ልጣ አጎረሰቻት። አባይነሽ ጣቷን ከታ ከልጇ አፍ አወጣችውና ጣለችው። ማርያማዊት ጮኻ አለቀሰች።

«ምነው አንቺ» አሉ እትዬ አስካለ። «ዓይኗ መጥፋቱ አይበቃትም? ደግሞ ከረሜላ ትከለክያታለሽ?»

አባይነሽ ወደ ናዲያ ዞረች። «ናዲያ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አለች። «ልጁን ዛሬውኑ ውሰጂው። ይነቀልለት።»

ናዲያ አፈጠጠችባት። «አንቺ ነሽ ይሄን የምትዪኝ?»

«እኔ ነኝ። መንቀሉ አይደለም ያጠፋው፣ መግሉ ነው። ሐኪሙ አስነቅዪ ብሎኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለዓይኗ ብዬ ነው እምቢ ያልኩት። እዪልኝ፣ ይቺን ልጅ እዪልኝና ውሰጂው።»

ናዲያ ማርያማዊትን አየቻት። ልጅቷ አፏን በመዳፏ ሸፍና፣ እያነባች፣ በአንድ ዓይኗ መሬት የወደቀውን ከረሜላ ትፈልጋለች።

«አየኋት እኮ» አለች ናዲያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሀዘኔታ። «እሷን ባላይ ኖሮ፣ ወላሂ፣ ዛሬ ጠዋት ወስጄው ነበር።»

ከዚያ የሳዳምን ጉንጭ በሻሽ አስራ፣ ቅርንፉድ አጉርሳው፣ ወደ ውስጥ አስገባችው።